ስለ ካቴድራሎቹ "ምስጢር" ለተጻፈው ጽሑፍ የአንድ ግንበኛ መልስ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም "አንተ እዛው ጀርመን ኮሎኝ አይደል የምትኖረው፣ እውነት ነው እንዴ ይሄ ነገር?" ነው የሚሉት። ስለ አውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ነው የተጻፈው፣ ጸሐፊውን በሩቁ አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጽሑፉም ይጥማል፣ ችግሩ ከሚጥመው ውስጥ አብዛኛው ልክ አይደለም። ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው፦ ህንጻዎቹ በባሪያና በጭሰኛ የነጻ ጉልበት ተሰሩ፣ ሰሪዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩ ፕላን የሚባል አልነበራቸውም ስለዚህ እውቀቱ ከሆነ የምስጢር ማህበር ነው የመጣው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት መቶ ዓመት ፈጀ፣ ከውጭ የተደረደሩት የድንጋይ ክንዶች ለጌጥ ናቸው፣ እንደ ዛሬ ህንጻ ስላልሆኑ አንዱም ወድቆ አያውቅም፣ የመስታወቱ ቀለም ምስጢሩ ጠፍቷል መስታወቱም በዘመን ብዛት ወደ ታች እየፈሰሰ ነው፣ ገንዘቡ የቴምፕላር ፈረሰኞች (የመስቀል ጦርነት ዘመን ወታደር መነኮሳት) ወርቅ ነው፣ እነሱው ናቸው ላሊበላንም የሰሩት። ፎቶም አያይዟል፣ ወደ ፎቶው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ሳይት ላይ ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ ግንበኛ ስር ረዳት ኋላ ፎርማን። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ግን ካቴድራል ባየሁ ቁጥር አንገቴን ቀና አድርጌ "ይሄን እንዴት አወጡት?" የሚለው ነገር አልለቀቀኝም፣ ያገኘሁትን አነባለሁ፣ እረፍት ሲኖረኝ ባቡር ተሳፍሬ ሄጄ አያለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

በባሪያ ጉልበት ስለተባለው

ከዚህ የምጀምረው በጣም ያናደደኝ ይሄ ስለሆነ ነው። የለንደኑ ዌስትሚኒስተር አቤይ በ1253 ሲሰራ የተያዘው የሂሳብ መዝገብ ዛሬም አለ። የሚያሰራው ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ነው፣ በዛን ጊዜ የገዳም ቤተክርስቲያን እንጂ ካቴድራል አልነበረም ግን ስልቱም ሰራተኛውም ያው ነው። መዝገቡ ሳምንት በሳምንት ነው የሚሄደው፦ ድንጋይ ጠራቢ ይሄን ያህል ሰው፣ እብነበረድ ሰራተኛ ይሄን ያህል፣ ገንቢ፣ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ባለመስታወት፣ የቀን ሰራተኛ፣ ከዛ ክፍያው። በሞቃቱ ወራት ከ400 ሰው በላይ የተመዘገበበት ሳምንት አለ፣ ብርድ ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ለምን ይወርዳል ያልክ እንደሆነ ኖራው ነው። የኖራ ሞርታር ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ሳይጠነክር ውርጭ ከያዘው ይፈረካከሳል፣ ስለዚህ ብርዱ ሲቃረብ ግንቡን ያቆሙና የግድግዳውን አናት በገለባና በፍግ ይሸፍኑታል፣ ገንቢው ወደ ቤቱ ይሸኛል፣ ጠራቢው ግን ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ለሚመጣው ዓመት የሚሆን ድንጋይ መጥረቡን ይቀጥላል። ባሪያ ቢሆን ማን በየሳምንቱ መዝግቦ ይከፍለዋል? ማንስ ብርድ መጣ ብሎ ያሰናብተዋል?

ሌላ ማስረጃ ከፈለግክ ድንጋዮቹ ራሳቸው ላይ አለ። ብዙ ካቴድራል ውስጥ ጠጋ ብለህ ካየህ በመሮ የተጫሩ ትናንሽ ምልክቶች ታያለህ፣ መስቀል መሰል፣ ቀስት መሰል፣ ሦስት ማዕዘን ምናምን። በቁራጭ የሚከፈለው ጠራቢ ስንት ድንጋይ እንዳወጣ የሚቆጠርለት በሱ ነው። እኔ ፎርማን እያለሁ በካሬ ከምከፍላቸው ልስን ሰራተኞች ጋር ሁሌ ጭቅጭቅ ነበር፣ "ይሄ ግድግዳ የኔ ነው"፣ "የለም የኔ ነው" እየተባለ ቅዳሜያችን የሚያልቀው በዚህ ነበር፣ እነዚያ በአንድ ጭረት ተገላግለውታል።

አንድ ነገር ግን እሰጥሃለሁ። በነጻ የሰራ ሰው ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በ1145 ፈረንሳይ ውስጥ ሻርትር ላይ ሰዉ፣ መኳንንቱ ሳይቀሩ፣ ራሱን እንደ በሬ ጋሪ ላይ ጠምዶ ድንጋይና እህል እየጎተተ እንደመጣ የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ያ ግን ስለት ነው፣ የአንድ ሰሞን ስሜት። ጋሪ መጎተትና ቅስት መግጠም ደግሞ የተለያየ ነገር ነው። የሌላዋ የፈረንሳይ ከተማ፣ የራንስ፣ ነዋሪዎች በበኩላቸው በ1233 በሊቀ ጳጳሳቸው ላይ አምጸው ቄሶቹ ከተማውን ለቀው ወጡ፣ ስራውም እስከ 1236 ቆመ፣ ስለዚህ ህዝቡ ሁሉ በደስታ ነው ያሰራው የሚለውንም ተረት አልገዛም። በነጻ የሰራ ካለ በሬው ነው። እሱንም ቢሆን አልረሱትም፣ እዛው ፈረንሳይ ያለው የላን ካቴድራል ማማዎች ላይ ብትወጣ ድንጋዩን ተራራ ላይ ላወጡት በሬዎች መታሰቢያ ነው የሚባሉ 16 የድንጋይ በሬዎች ቁልቁል ከተማውን ሲያዩ ታገኛለህ።

ፕላን አልነበራቸውም?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ይሄ ነው፣ "ፕላን ከሌለ ምስጢር አለ" ነው ነገሩ።

በመስከረም 1174 የእንግሊዙ የካንተርበሪ ካቴድራል የመዘምራኑ ክፍል ተቃጠለ። ጀርቬስ የሚባል የዛው ገዳም መነኩሴ ሁሉን በዓይኑ አይቶ ዓመት በዓመት ጻፈው፣ እስከዛሬ ይነበባል። መነኮሳቱ ከፈረንሳይም ከእንግሊዝም ባለሙያ ጠርተው ሲያማክሩ አንዱ ይፍረስ ይላል፣ አንዱ ይጠገናል ይላል፣ በመጨረሻ የሳንሱ ዊሊያም የሚባል ፈረንሳዊ ተመረጠ። ይሄ ሰውዬ መጥቶ ሲያየው ምሰሶዎቹ በእሳቱ ነደው አልቀዋል፣ መፍረስ አለባቸው። መነኮሳቱ ግን ገና ሀዘን ላይ ናቸው። ምን አደረገ መሰለህ፣ ለጊዜው ዝም አላቸው። ዝግጅቱን እያደረገ፣ እንዳይደነግጡበት ቀስ በቀስ ነው እውነቱን የነገራቸው። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ባለቤትን "ፋውንዴሽኑ አይሆንም፣ ይቆፈር" ለማለት ቀን የመረጠ ፎርማን ሁሉ ይገባዋል።

ከዛ ጀርቬስ የሚለውን ተመልከት። ድንጋዩ ከባህር ማዶ ይመጣል፣ ከኖርማንዲ ከካን ነው፣ ዊሊያም ከመርከብ የሚጭንና የሚያወርድ መሳሪያ ሰራ፣ ለጠራቢዎቹም ድንጋዩን የሚቀርጹበትን ልክ ሰጣቸው። ልክ ማለት ከስስ ጣውላ የሚቆረጥ ቅርጽ ነው፣ ጠራቢው ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ጭሮ ይጠርባል። ጠራቢው ማንበብ አይጠበቅበትም፣ ፕላኑ እጁ ላይ ነው ያለው፣ በጣውላ ተቆርጦ። የዛሬ ፌሮ ሰራተኛ ስንቱ ነው ድሮዊንግ የሚያነበው? ናሙና አጥፈህ ትሰጠዋለህ፣ መቶውን እሱን እያየ ያጥፍልሃል።

በአምስተኛው ዓመት፣ በ1178፣ ዊሊያም ትልቁን የድንጋይ ጣሪያ በቅስት ሊገጥም ሲዘጋጅ የረገጠው እንጨት ተሰበረና 50 ጫማ፣ ማለት ወደ 15 ሜትር፣ ከድንጋዩና ከእንጨቱ ጋር ወረደ። አልሞተም። አልጋ ላይ ተኝቶ በአንድ ወጣት መነኩሴ በኩል ትእዛዝ እያስተላለፈ ጥቂት አሰራ፣ ሐኪሞቹ ሊያድኑት እንዳልቻሉ ሲያውቅ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ስራውን ሌላ ዊሊያም፣ እንግሊዛዊው፣ ተረክቦ በ1184 አጠናቀቀ። እስቲ አስበው፣ ማስተሩ፣ ማለት ዋናው ግንበኛ፣ ወድቆ ሌላው ካቆመበት የሚቀጥለው በምን ይመስልሃል?

እሺ ስዕሉስ የት አለ ካልክ፣ ብራና ውድ ስለነበር ብዙውን የሳሉት ወለል ላይ ነው። እንግሊዝ ያለው የዮርክ ካቴድራል (ዮርክ ሚንስተር) ውስጥ የግንበኞቹ የስዕል ክፍል ዛሬም አለ፣ ወለሉ በጀሶ የተለሰነ ነው፣ የመስኮት ቅርጽ በቁሙ ልክ ጭረው ስለውበታል፣ ስራው ሲያልቅ በላዩ ሌላ ይስላሉ፣ ብርሃን በጎን ሲመታው መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ይታያል። ቪላር ደ ኦንኩር የሚባለው ፈረንሳዊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ራንስንም ላንንም (በሬዎቹንም ጭምር) እየዞረ የሳለበት ደብተር 33 ቅጠሉ ተርፎ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ብራና ላይ የተሳለም ቢሆን አለ፣ ለዛውም እኔ ሰፈር። የኮሎኝ ካቴድራል የፊት ለፊት ፕላን በ1280 አካባቢ የተሳለ ነው፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ ነው። በመሃል ጠፍቶ ነበር፣ ግማሹ በ1814 ዳርምሽታት ተገኘ፣ ሌላው ግማሽ በ1816 ፓሪስ፣ ሁለቱን አገናኝተው ማማዎቹን በዛ ነው የጨረሱት። ካቴድራሉ ውስጥ ዛሬም አለ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሩብ ሰዓት ቆሜ ቀረሁ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ተሰርቶ እስኪያልቅ 600 ዓመት የጠበቀ ድሮዊንግ።

ምስጢር የተባለውም ቢሆን የሙያ ምስጢር ነው፣ ማንም ባለሙያ ለተፎካካሪው አይነግርም። እሱንም በ1486 የጀርመኑ የሬገንስበርግ ካቴድራል ማስተር የነበረው ማቴስ ሮሪትዘር ከአንድ ካሬ ተነስቶ የግንብ ጫፍ ጉልላት ልክ እንዴት እንደሚወጣ በማተሚያ ቤት አሳትሞ አወጣው። ስማቸውም አልተደበቀም። የፈረንሳዩ አሚየን ካቴድራል ወለሉ ላይ በ1288 የሦስቱ ማስተሮች ስም ተጽፏል፣ ሮበር ደ ሉዛርሽ፣ ቶማ ደ ኮርሞን፣ ልጁ ረኖ። ራንስ ውስጥ ደግሞ በ1263 የሞተው ዩግ ሊበርዢዬ የመቃብር ድንጋዩ ላይ እንደ ጌታ ለብሶ የመለኪያ ዘንግ ይዞ ቆሟል፣ አጠገቡ ስኳድራና ኮምፓስ ተቀርጾለታል። የተደበቀ ማህበር አባል መቃብሩ ላይ ስሙንና መሳሪያውን አስቀርጾ ነው እንዴ የሚደበቀው?

ስለ ጊዜው

ይሄ ቶሎ ያልቃል። ሻርትር በ1194 ተቃጠለ፣ በ1220 አካባቢ ዋናው አካሉ ቆሟል። የእንግሊዙ ሶልዝበሪ በ1220 ተጀምሮ በ1258 ማማው ሲቀር አለቀ፣ 38 ዓመት ማለት ነው። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ሞተር፣ ክሬኑ ሰው ውስጡ ገብቶ እንደ ደረጃ የሚረግጠው ትልቅ የእንጨት ጎማ ሆኖ። እኛ ጋ አንድ ኮንዶሚኒየም ስንት ዓመት እንደሚወስድ አልናገርም።

ኮሎኝ ግን እውነትም 632 ዓመት ፈጅቷል፣ 1248 ተጀምሮ 1880 ነው ያለቀው። ሁሉም እንዲህ ነው ያልከው ይሄን አይተህ ይመስለኛል። ግን 632 ዓመት ሙሉ ሰው ሲሰራ አልነበረም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘቡም ፍላጎቱም አልቆ ቆመ። ደቡቡ ማማ 60 ሜትር እንኳን ሳይሞላ ክሬኑ አናቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ለ400 ዓመት ገደማ የከተማው ምልክት ያ የእንጨት ክሬን ነበር፣ ያወረዱት በ1868 ነው። እኔም አንድ ጂ+4 ላይ ስሰራ ባለቤቱ ብር አልቆበት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመና ፌሮው ሽቅብ እንደቆመ ዝጎ ሁለት ክረምት አለፈው፣ የሰፈሩ ልጆች ልብስ ያሰጡበት ነበር፣ የኔም የሁለት ወር ክፍያ እዛው ቀረ። ህንጻን የሚያዘገየው ገንዘብ ነው፣ ያኔም ዛሬም።

"ለጌጥ ነው" ስለተባሉት ክንዶች

ወንድሜ እዚህ ጋ ተሳስተሃል ብቻ ሳይሆን ነገሩን ገልብጠኸዋል። ቅስት ማለት ሁለት ጎኑ እርስ በርስ ተደጋግፎ የሚቆም ነገር ነው፣ እግሩን ግን ወደ ውጭ ይገፋል። ካላመንክ እግርህን ከፍተህ የተወለወለ ወለል ላይ በካልሲ ቁም፣ እግርህ ወደየት እንደሚሸሽ ታየዋለህ። ጎጆ ቤት ላይ የጣሪያው ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይከፍተው ማገሩ ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። አሁን ጣሪያው ድንጋይ ነው፣ ከመሬት 37 ሜትር ላይ ነው (ሻርትር)፣ አሚየን 42 ሜትር ላይ፣ ግድግዳው ደግሞ ለመስታወት ተብሎ ተከፍቶ ግድግዳ የሚባል ነገር አልቀረውም። ያ ግፊት የት ይሂድ?

የድሮዎቹ መልስ ግድግዳ ማወፈር ነበር። የጎቲኮቹ፣ ማለት የነዚህ ካቴድራሎች ሰሪዎች፣ መልስ ግፊቱ በሚመጣበት ነጥብ ላይ ብቻ ከውጭ በአየር ላይ የድንጋይ ክንድ ዘርግቶ መቀበልና ከዋናው ህንጻ ራቅ ብሎ ወደቆመ ወፍራም የድንጋይ ምሰሶ አሻግሮ ወደ መሬት ማውረድ ነው፣ እንግሊዞቹ ፍላይንግ በትረስ የሚሉት። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለችው ሹል ጉልላት ራሷ ስራ አላት፣ ክብደቷ ወደ ታች ስለሚጫን ከጎን የሚመጣውን ግፊት ወደ መሬት ታጣምመዋለች። ቅስቱም ክብ ሳይሆን ሹል የሆነው ለዚህ ነው፣ ሹል ሲሆን ወደ ጎን የሚገፋው ይቀንሳል። ሹል ቅስትን ደግሞ ፈረንጆቹ አይደሉም የፈጠሩት፣ እስላሙ ዓለም ውስጥ ከነሱ በፊት ለዘመናት ነበረ። የጎድን አጥንት የመሰለውን የጣሪያ መስመር እንግሊዝ ዱራም ላይ ከ1093 ጀምሮ ሞክረውታል። ሹል ቅስቱንና የጎድን አጥንቱን ባንድ ላይ አቀናጅቶ ብርሃን የሞላበት ቤት ያስወጣው የፓሪስ ዳርቻው የሳን ደኒ ገዳም አበምኔት ሱዤር ነው፣ ስራው በ1144 ተመረቀ፣ ከዛ በኋላ የመጣው በሱ መንገድ ነው የሄደው።

ስለ ድንጋይ አውሬዎቹ አንድ ቃል ብቻ። ሰይጣን ለማባረር የተሰሩ ናቸው ያልካቸው ጋርጎይሎች አሸንዳ ናቸው። አፋቸው ቀዳዳ ነው፣ የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ላይ ሳይወርድ ራቅ ብሎ እንዲተፋ ነው። ፓሪስ ኖትር ዳም ላይ አገጩን ይዞ ከተማ የሚያየው ታዋቂው አውሬ ደግሞ ጭራሽ የመካከለኛው ዘመን አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ጊዜ የተጨመረ ነው።

አንዱም አልወደቀም?

ፈረንሳይ ውስጥ ቦቬን ሂድና እየው። የቦቬ ሰዎች ከሁሉ እንብለጥ ብለው በ1225 ጀመሩ፣ የመዘምራኑን ክፍል በ1272 ጨረሱ፣ የድንጋይ ጣሪያው 48 ሜትር፣ ከሁሉም ከፍ ያለ። አስራ ሁለት ዓመት ቆመ። በህዳር 1284 ጣሪያው ወረደ። ምክንያቱ ላይ መሃንዲሶች ዛሬም ይከራከራሉ፣ ጥገናው ግን ይታያል፣ በምሰሶና በምሰሶ መሃል ሌላ ምሰሶ ጨምረው እንደገና አወጡት። ሰው ከዚህ ይማራል አይደል? አልተማሩም። በ1569 መሃሉ ላይ 153 ሜትር የሚደርስ ማማ ሰቀሉበት፣ ያውም ዋናው አዳራሽ ገና ስላልተሰራ በምዕራብ በኩል የሚደግፈው ነገር የለም። በ1573 በዕርገት ቀን ወደቀ። አዳራሹ እስከዛሬ አልተሰራም፣ ካቴድራሉ ግማሽ አካሉን ብቻ ይዞ ቆሟል፣ ውስጡ ገብተህ የምታየው በእንጨትና በብረት ተደጋግፎ ነው። እኔ ስገባ መጀመሪያ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ ቀጥሎ ያየሁት መውጫውን ነው፣ አልዋሽም።

ቦቬ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ኢሊ ላይ የመሃሉ ማማ በ1322 ወድቆ በቦታው በትላልቅ ዋርካ በሚያካክሉ የኦክ ግንዶች ስምንት ማዕዘን የእንጨት ፋኖስ የመሰለ ማማ ሰሩበት፣ ከወደቀው ይልቅ አሁን ያለው ነው የሚያምረው። ዌልስ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ካቴድራል ማማ መስመጥ ሲጀምር ከ1338 ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ መቀስ የመሰለ የተገለበጠ ቅስት ከስሩ አስገቡ፣ ዛሬ ቱሪስቱ ፎቶ የሚነሳበት እሱ ድጋፍ ነው። ሶልዝበሪ ላይ ያንን 123 ሜትር ማማ ሲጨምሩበት ከ6,000 ቶን በላይ ነው የመጣበት፣ መሃል ላይ ያሉት ምሰሶዎች ጎብጠዋል፣ ቱምቢ አያስፈልግህም በዓይንህ ታየዋለህ። ያልወደቁትን ብቻ ቆጥረህ "አይወድቁም" ማለት ቀብር ሳትሄድ ሰው አይሞትም እንደማለት ነው።

በነገራችን ላይ ኖትር ዳም በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል ብዙ ብረት ታየ። ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያይዙ ትላልቅ የብረት መንጠቆዎች፣ በቀለጠ እርሳስ የታሰሩ፣ በ2023 የወጣው ጥናት ከ1160ዎቹ ጀምሮ የገቡ መሆናቸውን አሳየ። ያለ ብረት ነው የቆሙት ያልከውም በዚህ ይታረምልኝ።

መስታወቱ

የጠፋ ምስጢር የለም። ቴዎፍሎስ የሚባል መነኩሴ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አሰራሩን እንደ ወጥ አሰራር ጽፎታል፦ ሁለት እጅ የቢች ዛፍ አመድ፣ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ፣ እቶን ውስጥ። ከዛ ጣውላውን ኖራ ቀብተህ የመስኮቱን ስዕል በልኩ ትስልበታለህ፣ መስታወቱን በላዩ አድርገህ በጋለ ብረት ትሰነጥቀዋለህ፣ ዳር ዳሩን እየቀረጠፍክ ታስተካክላለህ፣ ፊትና የልብስ እጥፋት ቀብተህ ትጠብሰዋለህ፣ በእርሳስ ትገጣጥመዋለህ። ጂሮና ውስጥ፣ ካታሎኒያ፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ጣውላ ስዕሉ እንዳለበት ተርፏል። የሻርትር ሰማያዊ የተባለውም ኮባልት ነው።

ይፈሳል ስለተባለው፣ መስታወቱ የሚነፋ ስለነበር ውፍረቱ አንድ አይነት አይደለም፣ ወፍራሙ ጎን ታች የገባም አለ ላይ የገባም አለ። በ2017 የታተመ ጥናት የመካከለኛው ዘመን የቤተክርስቲያን መስታወትን ቅንብር ወስዶ ሲያሰላው በአንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ቢበዛ አንድ ናኖሜትር ያህል ነው የሚፈሰው። ቀስ ብሎ ነው ካልክ እሺ።

ወርቁና ቴምፕላሮቹ

ሻርትር ሲቃጠል ጳጳሱና ካህናቱ ከገቢያቸው ላይ ለጥቂት ዓመት ቆርጠው ሰጡ፣ የእመቤታችን ቀሚስ ነው የሚሉት ቅርስ ከእሳቱ ተርፎ ስለተገኘ ምዕመኑ ጎረፈ፣ ስጦታውም አብሮ። መስኮቶቹን ታች ታች ብታያቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ ጫማ ሰሪ፣ ጸጉራም ቆዳ ነጋዴ በየስራው ላይ ተስሏል፣ ቴምፕላር አይደለም የሞላበት። ከሁሉ የምወደው ግን የፈረንሳዩ የሩዋን ካቴድራል ነው። ከ1485 ጀምሮ የተሰራው የደቡብ ማማ ስሙ የቅቤ ማማ ነው፣ በፈረንሳይኛም እንደዛው ነው የሚባለው። በዐቢይ ጾም ወተትና ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለገ ሰው ከፍሎ ፈቃድ ያገኝ ነበር፣ ማማው በዛ ገንዘብ ተሰራ ነው የሚባለው። በሁዳዴ ቅቤ በገንዘብ ቢፈቀድ ኖሮ እኛ ስንት ማማ ይወጣን እንደነበር ቤተሰቤን አይቼ መገመት እችላለሁ።

ላሊበላ ላይ ያልከው ደግሞ ግንበኛ አጠገብህ ቢኖር ኖሮ አትለውም ነበር። ዘመኑ መገጣጠሙ እውነት ነው፣ ንጉሥ ላሊበላና የሻርትር ግንብ አንድ ዘመን ላይ ናቸው። ስራው ግን ተቃራኒ ነው። እዚህ ሰውዬው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ይወጣል፣ ጦርነቱ ከግፊት ጋር ነው። እዛ ሰውዬው ከላይ ጀምሮ እየቀነሰ ይወርዳል፣ የሚገፋ ነገር የለም፣ አንድ አለት ነው፣ የተሳሳተ መዶሻ ግን መልስ የለውም፣ የተነሳ ድንጋይ አይመለስም። የራንስ ጠራቢ ይዞት የሚመጣው ሙያ እዛ ምን ያደርግለታል? የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ እየው፣ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ አገነባብ ነው አለት ላይ የደገመው፣ ያንን ያየ ጠራቢ ከየት እንደተማረ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሃነ ክርስቶስ በዛው በአክሱም አገነባብ በእንጨትና በድንጋይ የቆመ ነው። ቴምፕላሮቹ ማህበራቸው የተቋቋመው 1119 አካባቢ ነው፣ በ1312 ፈረሰ፣ በመሃሉ ብዙ ነገር ሰርተው ይሆናል፣ ይሄን ግን ተውላቸው።

በመጨረሻ ፎቶው። "ምስጢራዊው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሻርትር" ብለህ የለጠፍከው ሁለት እኩል ማማ ያለው ጥቁር ህንጻ ሻርትር አይደለም፣ የሻርትር ሁለቱ ማማዎች አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። ያ የኛው ኮሎኝ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው በር ወጥቼ በየቀኑ የማየው፣ ማማዎቹ ያለቁት በ1880 ነው። በዛ ላይ በግራ በኩል የሚታየው የዘንድሮ ስካፎልዲንግ ነው። ፎቶውን ቀይርልን።